የጋራው ሥጋ

የምሠራው ኮምቦልቻ በሚገኘው የሥጋ ማብቀያ ነው፤ ጮማ ክፍል። የአጎቴ ልጅ ጌጡ ደግሞ ሻኛ ያበቅላል። በከተማችን በሬ መታረድ የቀረው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው፤ የሥጋው ስሞች ግን ከበሬው ጋር አልሞቱም። ደንበኛ ዛሬም ሽንጥ፣ ጎድን፣ ታናሽ እያለ ነው የሚያዘው፤ እኛም ጀርባ የሌለው ሻኛ እናበቅልለታለን።

ማብቀያው ሁለት አዳራሽ ነበረው፤ የእስላምና የክርስቲያን። እኔ በአንዱ፣ ጌጡ በሌላው። መሐላችን የመስታወት ግድግዳ ስለነበር ቀኑን ሙሉ በእጅ ምልክት እንሰዳደብ ነበር። የሁለቱም ሥጋ የሚበቅለው ቦራ ከሚባል ከአንድ በሬ ሕዋስ ነው፤ ቦራ ቃሉ ሜዳ ላይ እስከ ዛሬ ሣሩን ይግጣል። ልዩነቱ ጠዋት ላይ ነበር። በእነ ጌጡ በኩል መምሬ ክንፉ በስመ አብ ብለው ሥጋው የሚበቅልባቸውን ጋኖች ያስነሳሉ፤ በእኛ በኩል ሸህ ኑርዬ ቢስሚላህ ብለው ቁልፉን ይጫናሉ። መብራት ከሄደ ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ እንደገና ከተጀመረ እንደገና መባረክ አለበት። የኮምቦልቻን መብራት የሚያውቅ የሁለቱን ሽማግሌዎች ኑሮ ያውቃል። ከግቢው ርቀው አይሄዱም፤ ዘበኛው ቤት ጥግ ገበጣ እየተጫወቱ መብራት ይጠብቃሉ።

2094 ዓመተ ምሕረት ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው የመስታወቱ ግድግዳ ተነሣ። የሁለቱም ወገን ሊቃውንት ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረው ተስማሙ። ቢላ የለ፣ ደም የለ፣ ነፍሱ የወጣ ከብት የለ፤ እንግዲህ በማን እጅ ታረደ ብሎ መጠየቅ ምን ይጠቅማል፤ ሁለታችንም እንባርከው፣ ሁሉም ይብላው አሉ። ውሳኔው ለደሴና ለኮምቦልቻ ብቻ ነው፤ ሌላው አገር ገና ይከራከራል። መምሬ ክንፉና ሸህ ኑርዬ በአንድ ቁልፍ ላይ ሁለት ጣት አሳረፉ፤ ሥጋውም «የጋራ» ተብሎ ወጣ። የመጀመሪያው ቀን ወረፋ አስፋልቱን ተሻግሮ ነበር። ሥጋቸውን በፌስታል አንጠልጥለው የሚያለቅሱ ሽማግሌዎችም አይቻለሁ።

ለእኛ ቤት ይህ ከዜና በላይ ነው። የእናቴ አባት፣ አያቴ ይመር፣ አባቱ እስላም እናቱ ክርስቲያን ነበሩ። እሱም ሲወልድ ወላጆቹ ልጆቹን ተካፈሏቸው። ወንዱን፣ የጌጡን አባት አጎቴን መላኩን፣ የይመር እናት ኩታበር ወስዳ ክርስትና አስነሳችው። ሴቷን፣ እናቴን ዘሀራን፣ የይመር አባት ሐርቡ ወስዶ ቁርኣን አስቀራት። በወሎ በዚህ የሚገረም የለም። ልጆቹም አድገው ተመለሱ፣ ወለዱ፣ ከበዱ። በዓል በመጣ ቁጥር ሁሉም የሚሰበሰበው ደሴ ሮቢት ባለው በአያቴ ቤት ነው፤ ፋሲካም ይሁን አረፋ። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ በዚህ የክርስቲያን ሥጋ፣ በዚያ የእስላም ሥጋ። ወሬው አንድ፣ ሳቁ አንድ፣ ድስቱ ብቻ ሁለት።

በሁለቱ ጠረጴዛ መካከል የምትመላለሰው ደግሞ እናና ነበረች።

እናና የአያቴ የይመር ሚስት ናት። ስሟ ትርንጎ ነው፤ እናና የምንላት ሁላችንም ነን። ሰማንያ አልፏታል። እንደ እኩዮቿ ሁሉ በቀሚሷ ሥር የብረት ጉልበት ታጥቃለች፤ በሱም የተነሣ ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ትወጣዋለች፣ ወጥታም ትሰድበኛለች። በዓል ሲሆን ወጡን ከዚህ ትቀዳለች፣ እንጀራውን ከዚያ ትጨምራለች፣ የሕፃን አፍ ትጠርጋለች። «እናና፣ ኧረ ተቀመጪ ብዪ!» ስትባል «እኔን ተዉኝ፤ እናንተ ብሉ» ትላለች። አያቴ ይመር በሕይወት ሳለ ከክርስቲያኖቹ ጋር ሲሆን «ተዉአት፣ እዚያኛው ጀምራለች» ይል ነበር። ከእስላሞቹም ጋር ሲሆን «ተዉአት፣ እዚያኛው ጀምራለች» ይል ነበር። ይህን አሁን ሳስበው ነው የሚያስቀኝ።

እንቁጣጣሽ ዕለት ጋሼ መላኩ እንደ ሙሽራ አባት ሆኖ ዋለ። ጋሼ መላኩ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ድምፁ እስከ ጎረቤት ይሰማል፤ የሰንበቴ ማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ነው። ሁለቱን ጠረጴዛ ራሱ ገጠማቸውና በአንድ ጨርቅ ሸፈናቸው። እኔና ጌጡ ራሳችን ያበቀልነውን የጋራ ሥጋ ይዘን መጣን። ጮማው የእኔ፣ ሻኛው የሱ። እናቴ ጠበሰችው፣ የጌጡ እናት አቀረበችው። ጋሼ መላኩ ቆሞ «አባታችን ይህን ሳያይ ሞተ» አለና እንባው መጣ፤ ንግግሩም በዚያው አለቀ። ከዚያ እናናን ጎትቶ መካከል ላይ አስቀመጣትና የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለ።

«በመጀመሪያ ለእናቴ» አለ። «በሞቴ።»

እናና ፈገግ ብላ አየችው። አፏን ግን አልከፈተችም።

«በሞቴ እኮ አልኩሽ፣ እናና!»

በሞቴ ተብሎ ያልተከፈተ አፍ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እናና ጉርሻውን በጣቶቿ ተቀበለችውና በትሪው ዳር በቀስታ አኖረችው። «እኔን ተወኝ ልጄ፤ እናንተ ብሉ» አለችው።

እናቴ ነገሩን ለማብረድ ተሽቀዳደመች። «አትቆጣት፣ መላኩ። ዕድሜዋን ሙሉ የክርስቲያን ሥጋ ስትበላ የኖረች ሴት ናት። በአንድ ቀን የጋራ ብዪ ስትባል ይጨንቃታል።»

ጋሼ መላኩ ክንዱን እንደዘረጋ ቀረ። «የክርስቲያን? እኛ ጋ መቼ በልታ ታውቃለች? እሷ የምትበላው ከእናንተ ጋር ነው እንጂ!»

«ከእኛ ጋር?» አለች እናቴ። «ኧረ ወላሂ አንድ ቀን ቀምሳ አታውቅም!»

«እስላም አይደለች እንዴ?»

«ማን? እናና? ክርስቲያን ናት እንጂ!»

«ዘሀራ፣ ሰክረሻል?»

«ሳልጠጣ እሰክራለሁ?»

በየልባችን በዓሎቹን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርን፤ እኔ አረፋዎቹን፣ ጌጡ ፋሲካዎቹን። እናና በሁሉም አለች። በሁሉም ቆማ ናት። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ያያት የለም፤ መስጊድም ስትገባ ያያት የለም። አያቴ «የእሷ ጸሎት በጓዳ ነው» ይል ስለነበር እያንዳንዱ ጓዳውን በራሱ ጸሎት ሞላው። ሌላ አገር ቢሆን ይህ አይታመንም። በወሎ ግን ሰውን ሃይማኖቱን አይጠይቁም፤ ነውር ነው። ጨዋነታችን እናታችንን ሳናውቃት አኖረን።

«ከማንም ጋር አልበላም» አለች እናና። ድምፏ ውስጥ ቁጣም እፍረትም አልነበረም። «ሥጋ ከተውኩ ስድሳ ዓመት አለፈኝ። የእኔ ሰዎች ያረዱት ካልሆነ አልበላም።»

«የአንቺ ሰዎች እነማን ናቸው?» አለ ጋሼ መላኩ።

«ቤተ እስራኤል።»

አጎቴ ትሪው ዳር ያለውን ጉርሻ አየ። «ከእጄ ነው የመለስሽው» አለ። «ከልጅሽ እጅ።» ሌላ አልተናገረም፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። በሩን በኃይል ሊዘጋው ፈልጎ ነበር፤ በዚህ ዘመን ግን በር ተወርውሮ አይዘጋም፤ ቀስ ብሎ፣ አጎቴን እያሳፈረ፣ በራሱ ጊዜ ተዘጋ። ሥጋው ቀዘቀዘ። ልጆቹ ብቻ በሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት እናና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ለእናቴ፣ ለእኔና ለጌጡ ነገረችን። ተረት የምትነግረን ይመስል ነበር፤ እጇ የቀሚሷን ጫፍ ሲጠመጥም ባላይ ኖሮ።

«ያደግሁት ጎንደር ከተማ ነው፤ ለመሄድ የሚጠብቅ ሰው ሰፈር ውስጥ። ኢየሩሳሌም እንሄዳለን ተብሎ ከየገጠሩ የተሰበሰበ ሰው ነበር። ዕቃውን አስሮ፣ ሳይፈታ ነው የሚኖረው። እኔ ስወለድ ታስሮ ነበር፣ ሳድግም እንደታሰረ ነበር። ተራችን ሲደርስ እናቴና ወንድሞቼ ሄዱ። የመጨረሻዎቹ እነሱ ናቸው። የእኛ ቄሶችም፣ አራጆቹ፣ አብረው ሄዱ።»

«አንቺስ?» አለች እናቴ።

«እኔማ ይመርን አይቼ ነበራ! ብረት ጭኖ ከኮምቦልቻ ይመጣል። ሳቁ ከመኪናው ይቀድማል። እናቴ ዕቃዋን ስታነሣ እኔ እሱ መኪና ላይ ነበርኩ።» የጠመጠመችውን ጫፍ ፈታች። «ተጸጽቼ አላውቅም። ናፍቄ ግን አውቃለሁ።»

አያቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። በበዓል ዋዜማ ሐይቅ ድረስ ወርዶ ዓሣ ያመጣላት የነበረው ለዚህ ነው፤ ዓሣ አራጅ አያስፈልገውም። እኛ ዓሣ ወዳድ እሱ ይመስለን ነበር። ለካ ሽታው ያጥወለውለው ኖሯል፤ መስኮት ከፍቶ ነበር የሚጠብሰው።

«ለምን አልነገርሽንም ታዲያ?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። «የእስላም ወገን ለክርስቲያን ሰጠኝ፣ የክርስቲያን ወገን ለእስላም ሰጠኝ። አንዱ እንኳ ‹ትርንጎ፣ ምንድን ነሽ?› ብሎኝ ቢሆን አልዋሽም ነበር። ደግሞ ፈራሁ። እኛ ሰፈር ልጅ ሲታመም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ወደ እኛ በር ነበር። ቡዳ እያሉ። አዲስ ሙሽራ ሆኜ መጥቼ፣ አማቶቼ ልጄን ሲያመው ወደ እኔ እንዲያዩ አልፈለግሁም። ከዚያ ዓመት ዓመትን ወለደ።»

ጌጡ ጉሮሮውን ጠረገ። ከእኔ ይልቅ እሱ ሆደ ቡቡ ነው። «አሁን ግን የጋራው ሥጋ እኮ ቢላ አልነካውም፣ እናና። ደምም የለውም። ማንም አላረደውም።»

«በሬው የት አለ?»

«ቃሉ ሜዳ ላይ።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

«ከቁም ከብት የተቆረጠ ሥጋ በኦሪት ክልክል ነው፣ ልጄ። ደግሞስ እሱ ቆሞ ሣር እየጋጠ እኔ እዚህ እሱን ልብላው? ቢያየኝስ?»

ሳቅን። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወደ በሩ አየችና «መላኩ ይመጣል ትሉኛላችሁ?» አለች። እንደሚመጣ ነገርናት። አልመጣም።

ጋሼ መላኩ እናቱን ሳያይ ሁለት ቀን አሳልፎ አያውቅም ነበር። መስቀል ሲከበር ጌጡን ላከ እንጂ ራሱ አልመጣም፤ መስከረምም አለቀ። እናና አልተማረረችም፤ ግን ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ትውላለች፤ የታክሲ ድምፅ ሲመጣ አንገቷን ታወጣለች። «ልጄን አጣሁት» አለችኝ አንድ ቀን፣ ጎመን እየቀነጠሰች። «ስድሳ ዓመት ደብቄ አቆየሁት፤ በአንድ ጉርሻ አጣሁት።» ከዚያ በኋላ ጎመኑን ቆጥራ እንደምታስረክብ ሰው ቅጠል በቅጠል ስታየው ዋለች።

እኔም የራሴ ነገር ነበረኝ። ግድግዳው ስለተነሣ አሁን ከጌጡ ጋር ጎን ለጎን ነው የምንሠራው። «ዘር የሚቆጠረው በእናት ከሆነ» ይለኛል ሻኛውን እያገላበጠ፣ «እናትሽ የእሷ ልጅ ናት፣ አንቺ የእናትሽ ልጅ ነሽ፤ አለቀ፣ አንቺ እስራኤላዊት ነሽ። እኔ ግን በአባቴ በኩል ስለሆንኩ ተርፌአለሁ።» «አጥንት በአባት ነው የሚባለውስ?» እለዋለሁ። «በአጥንት ከሆነ ማናችንም አይደለንም፤ አያታችን ይመር ሁላችንንም አስመልጦናል» ይላል። እንስቃለን። ማታ ግን ሰግጄ ስጨርስ ምንጣፉ ላይ እቆያለሁ። በደሜ ውስጥ ለስድሳ ዓመት ሳይበላ የቆመ ሰው እንዳለ አውቄ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ለእናና ነገርኳት፤ «እኔ እንግዲህ ምንድን ነኝ?» አልኳት።

«ምንድን ነሽ? ሰነፍ ነሽ፤ ጎመኑን አልያዝሽልኝም» አለች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ሉባባ፣ ስሚኝ። የናፈቀኝ ዘመድ ነው እንጂ ምእመን አይደለም። ስግደትሽን አትተዪብኝ። የማን ልጅ እንደሆንሽ እወቂልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።»

ከዚያ ወዲያ ነው ወደ ጋሼ መላኩ ቤት የሄድኩት። ጓሮው ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ጢሙን አልተላጨም።

«በየሰንበቴው ምን እያልኩ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ?» አለኝ ሰላም ሳይለኝ። «እስላም እናት የወለደችኝ ክርስቲያን ነኝ! እያልኩ። እንዲህ ነው የወሎ ፍቅር! እያልኩ። ስንት ሰው አስለቀስኩበት!»

«እናትህ እኮ ያችው ናት፣ ጋሼ።»

«አልገባሽም።» ድምፁ ወረደ። «ኩታበር ሳለሁ አንድ ቀጥቃጭ ነበር። አያቴ በደጁ ባለፍን ቁጥር ታማትባለች፤ ዓይኑ እንዳይበላኝ። እኔም ከሷ አይቼ አማትብ ነበር። ሰውዬው አየኝ፤ አንድ ቀን ዓይን ለዓይን ገጠምን። ከእናቴ ዘመዶች አንዱ ሊሆን ይችል ነበር። እናቴ ያን ጊዜ በመጣች ቁጥር ግንባሬን ትስም ነበር፤ ያማተብኩበትን ግንባር። እና አሁን ምን ብዬ ፊቷ ልቅረብ? ጉርሻው እኮ አይደለም ያሳመመኝ። እሷ ምን እየተማርኩ እንዳደግሁ ታውቅ ነበር። እያወቀች ትስመኝ ነበር።»

አለቀሰ። አጎቴ በሠርግም በለቅሶም ስለሚያለቅስ እንባው አዲስ አይደለም፤ ይህኛው ግን ድምፅ አልነበረውም፤ አስፈራኝ። «ይህንኑ ንገራት» አልኩት። «ስለ ራሷም ጠይቃት። ጠያቂ እየጠበቀች ነው።» ስወጣ በሩ ድረስ አልሸኘኝም።

ኅዳር ገባ። የገና ጾም ሳይጀመር አንድ ምሽት እናና ሰገነቱ ላይ ወጥታ ጨረቃዋ ጨርሳ መጥፋቷን አየችና ተመልሳ «ነገ ጦሳ ተራራ እወጣለሁ» አለች።

«በዚህ ብርድ?» አለች እናቴ። «ምን ልታደርጊ?»

«ሲግድ ነው። ሕዝቡ እየጾመ ተራራ ይወጣል፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ለእግዚአብሔር ጎንበስ ብሎ። ቄሶቹ ኦሪት ያነባሉ፣ ይጸለያል። ከሰዓት ይወረዳል፣ ይበላል። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በጓዳ ነው የምጾመው። ተራራ ብወጣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ። አሁን እንግዲህ ሰው የሚለውን ብሏል።»

እናቴ ግንባሯን መታች። «በየዓመቱ ኅዳር ላይ የምትጾሚው! የማርያምን መስሎኝ!»

ጌጡ ተቀበላት። «አባቴ ደግሞ የረመዳን ቀዳ፣ ያመለጣትን ጾም፣ እያወጣች ነው ይለን ነበር።»

እናቴ ትንሽ አሰበች። እናቴ ሲቆርጥላት ነጠላዋን ታጠብቃለች፤ አጠበቀች። «እኔም እጾማለሁ።»

«አንቺን ምን አግብቶሽ?» አለች እናና።

«ልጅሽ ነኛ! አብረን መብላት አልሆነልንም። አብሮ መራብ ማን ይከለክለናል?»

እናና ዞራ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ወሬው ያን ምሽት በቤተሰቡ ሁሉ ተሰማ፤ ለጋሼ መላኩ ጌጡ ነገረው። «ሰማሁ» ብቻ ነው ያለው።

ጠዋት ቤተሰቡ ከሞላ ጎደል ተራራው ሥር ተሰበሰበ። እንጀራ ያልቀመስን እስላሞችና ክርስቲያኖች፣ የማናውቀውን ጾም የያዝን። ችግሩ የጀመረው ገና ሳንንቀሳቀስ ነው። በእጃችን ላይ የታሰረችው የጤና መሣሪያ፣ ነርስ የምንላት፣ ረመዳንን ታውቃለች፤ ሁዳዴንም፣ ረቡዕና ዓርብንም ታውቃለች፤ በነዚያ ቀናት ዝም ትላለች። ይህን ቀን ግን አታውቀውም። የአንዳችን ክንድ «ቁርስዎን አልበሉም» አለ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ከዚያ ሁሉም። ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው ቆሞ ያየን ጀመር። እናና ብቻ ጸጥ ብላለች። ለካ የሷን በካልሲ ጠቅልላዋለች፤ ስንት ዓመት የለመደችው ብልሃት ነው። ሁላችንም ካልሲያችንን አውልቀን እጃችን ላይ አጠለቅን።

«በገመዱ መኪና እንውጣ» አለች የጌጡ እናት።

«ሲግድ በእግር ነው» አለች እናና።

«የታጠቅሽው ጉልበትስ?»

«ስድሳ ዓመት ጠብቄ ጉልበት ብበደር ምን አለበት? ሂዱ፣ ድንጋይ አንሡ።»

ድንጋዩን በራሳችን ላይ አድርገን ወጣን። እሷ ፊት ፊት፣ ብረቷ እየተንቋቋ። በየመታጠፊያው ዞር ብላ ታያለች። እኛን የምትቆጥር መስላ ነው፤ ግን ሁላችንም የምታየው ከእኛ በታች ያለውን መንገድ መሆኑን እናውቅ ነበር። መንገዱ ባዶ ነው። እናቴ አንድ ጊዜ «ይመጣል» አለቻት፤ እናና «ስለ ማን ነው የምታወሪው?» ብላ ወጣች።

ጫፉ ላይ ነፋስ አለ። እናና ድንጋይዋን መሬት ላይ አኖረች፤ እኛም አኖርን። መጽሐፍ አልነበራትም፤ በቃሏ ነው የያዘችው። መጀመሪያ ድምፏ አልወጣ አላት። ጸሎቷን በሹክሹክታ ነው የምታውቀው፤ የጓዳ ጸሎት ነው። «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ስትል ከንፈሯን አይቼ ነው እንጂ በጆሮዬ አልሰማሁትም። ጌጡ ግን ቀና አለ፤ «ይኼን እኛም እንለዋለን» አለኝ በጆሮዬ።

ያን ጊዜ ነው ከታች፣ ከባሕር ዛፉ መሐል፣ ድምፅ የመጣው።

«ቁርስዎን አልበሉም። ስኳርዎ እየወረደ ነው። እባክዎ ይቀመጡ።»

እናና ጸሎቷን አቆመች። ነርሷ ከስድሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው፣ በተለይ ስኳር ላለበት፣ ድምፅዋን ትጨምራለች። «ቁርስዎን አልበሉም!» እያለች ቀረበች። ቀጥሎ ባርኔጣ ታየ፤ በባርኔጣው ላይ ድንጋይ፤ ትልቅ ድፎ ዳቦ የሚያህል። ከሥሩ ጋሼ መላኩ፣ ላቡ እየተንቆረቆረ።

«አንተ!» አለች እናና። «ማነው ይኼን ቋጥኝ ተሸከም ያለህ?»

«መጠኑን የነገረኝ የለም» አለ እያለከለከ።

«ስኳርህ ወርዷል! ኧረ ከረሜላ ያለው ሰው!»

«ተዪ እናና። ጾም ላይ ነኝ።»

«የማን ጾም?»

«የእናቴ» አለ።

ድንጋዩን ሊያወርድ ጎንበስ ሲል እናና ከታች ደገፈችለትና አብረው አወረዱት። ከዚያ ቀና አላለም። እንዳጎነበሰ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ስለ ቀጥቃጩ የነገራት ያኔ ይመስለኛል፤ ድምፁን አልሰማንም፤ ብዙ ተናገረ። እናና «አውቃለሁ» አለችው። «አውቃለሁ፣ ልጄ። ልጅ ነበርክ።» ግንባሩን ሳመችው። ከረሜላውንም በግድ አጎረሰችው፤ የታመመ አይጾምም አለች፤ እሱም አፉን ከፈተ።

«አሁን ምን ልሁን?» አለ ጉንጩ በከረሜላ አብጦ። «ወዴት ነው የሚዞረው?»

እናና ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢየሩሳሌም አሳየችው። እናቴ ቂብላዋ በዚያው በኩል ስለሆነ ጥቂት ብቻ ዞር ማለት ነበረባት። ጋሼ መላኩ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲጸልይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ነው። ምሥራቁን አንድ ጊዜ አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ሰሜን ዞሮ ከእናቱ ጎን ቆመ። ነርሷ ቁርስዎን አልበሉም እያለች ቀጠለች። እናናም ከሷ በላይ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጸሎቷን ከመጀመሪያው ጀመረች።